ውሃ ሲማሰል ይሞቃል ያለው የቢራ ጠማቂው ልጅ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል አስተምር ነበር፡፡ የዕለቱ ትምህርት ስለ ሙቀት ነው፡፡ ሙቀት ከጋለ ነገር ወደ ቀዝቃዛ ነገር እንደሚሄድ በሰሌዳው ላይ ቀስት ስዬ አስረድቼ ስጨርስ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፡፡ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን እርጎ በመናጥ እንደምታግዝ፣ ቅሉ ብዙ ከተናጠ በኋላ ውስጡ ያለው ሞቅ ብሎ እንደሚቆያት ነገረችኝና፣ እሳት ሳይነካው ያ ሙቀት ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ፡፡

ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? ሳቅሁ፡፡ የሞቀው የእሷ እጅ እንጂ እርጎው እንዳልሆነ ነግሬ ቀለድኩባት፡፡ ክፍሉም አብሮኝ ሳቀ፡፡ ልጅቱ ቁጭ አለች፡፡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን ስታወጣ ዳግመኛ አላየሁም፡፡

የሚያሳፍረው ነገር መልሱን አለማወቄ አይደለም፡፡ አውቀው ነበር፡፡ አንድ ካሎሪ ከ4.2 ጁል ጋር እኩል መሆኑን ለፈተና ሸምድጄ፣ ለተማሪዎቼም አሸምድጄ ነበር፡፡ ያ ቁጥር ስለ እርጎ መናጫ ቅል የሚናገር መሆኑ ግን አልታየኝም፡፡ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስሙ በቁጥሩ ጭራ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ታሪክ ሳነብ፡፡ እነሆ ዛሬ ያንን ታሪክ ላጫውታችሁ፡፡ (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ጄምስ ፕሬስኮት ጁል የተወለደው ታኅሣሥ 24 ቀን 1818 በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ጎን በምትገኘው ሳልፎርድ ነው፡፡ አባቱ ባለጸጋ ቢራ ጠማቂ ነበሩ፡፡ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጤናው የተጓደለ፣ የጀርባ አጥንቱ ደካማ፣ ዓይናፋርም ስለነበረ ትምህርቱን የተከታተለው እቤቱ ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በተማሪነት አልረገጠም፡፡ ነገር ግን ዕድል አንድ ነገር ሰጠችው፡፡ በ1834 አባቱ እሱንና ታላቅ ወንድሙን ቤንጃሚንን ወደ አንድ እርጅና ወደ ተጫናቸው መምህር ላኳቸው፡፡ እኚህ መምህር ጆን ዳልተን ናቸው፤ ቁስ አካል ሁሉ ከአቶም የተሠራ መሆኑን በዘመናዊ ሳይንስ ውስጥ ያቆሙት ሰው፡፡ ዳልተን ለሁለቱ ወንድማማቾች በዋናነት ሒሳብና ጂኦሜትሪ ነበር የሚያስተምሯቸው፡፡ በ1837 በሽታ ጥሎ ሽባ ሲያደርጋቸው ትምህርቱ ተቋረጠ፡፡ ሆኖም ጁል ቁስ አካል የጥቃቅን ቅንጣቶች ክምችት ነው የሚለውን እምነት ከዚያ ቤት ይዞ እንደወጣ ቀጥሎ የምታዩት ነው፡፡

ወጣቱ ሲጎለምስ ወደ አባቱ ፋብሪካ ገባ፡፡ ቢራ መጥመቅ ደግሞ የቴርሞሜትር ሥራ ነው፡፡ ብቅሉ የሚነከርበት፣ ድፍድፉ የሚፈላበት፣ እርሾው የሚጨመርበት የሙቀት መጠን አንድ ሁለት ዲግሪ ሲዛነፍ ጠመቃው ይበላሻል፡፡ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የዘመኑ ምሁራን ለዲግሪ ክፋይ ደንታ ባልነበራቸው ጊዜ ጁል በትንሽ የሙቀት ልዩነት መጨነቅን ከእንጀራው ተማረ፡፡ በፋብሪካው ግቢ የራሱን ቤተ ሙከራ አቋቋመ፡፡ በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር በኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀልድ እንደነበር፣ አንድ ጊዜም የገደል ማሚቶ ለመለካት ሽጉጥ ከልክ በላይ ጎርሶ ሲተኩስ ቅንድቡን እንዳቃጠለ ይተረካል፡፡ እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ሳይንቲስት ከእናቱ ሆድ መነጽር አድርጎ የሚወጣ ለሚመስላቸው ተማሪዎች ጥሩ ነውና፡፡

በዚያን ዘመን ስለ ሙቀት የነበረው እምነት ዛሬ ለጆሮ እንግዳ ነው፡፡ ሙቀት ራሱን የቻለ ፈሳሽ ነገር ነው፣ ክብደት የለውም፣ ስሙም ካሎሪክ ይባላል ይሉ ነበር፡፡ ይህ ፈሳሽ ከጋለው ነገር ወደ ቀዘቀዘው ይፈሳል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፡፡ (እኔ በሰሌዳው ላይ የሳልኩት ቀስት ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም፡፡) ጁል የጀመረው ፋብሪካውን ከእንፋሎት ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ቢያዞረው ያዋጣው እንደሆነ በማስላት ነው፡፡ አላዋጣም፡፡ ነገር ግን ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው እንደሚግል፣ ግለቱም በኤሌክትሪኩ ስኩዌርና በሽቦው ተቃውሞ ልክ እንደሆነ በ1840 ደረሰበት፡፡ ዛሬ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው በዚህ ሕግ ነው፡፡ ጽሑፉን ለሮያል ሶሳይቲ ሲልክ ታላቁ ማኅበር አጭር ጭማቂውን ብቻ አትሞ ዋናውን ተወው፡፡ ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር፡፡

ጥያቄው ግን አልለቀቀውም፡፡ ያ የሽቦው ሙቀት ከየት መጣ? ከሌላ ቦታ ፈስሶ የመጣ ካሎሪክ የለም፡፡ ኤሌክትሪኩን በእጅ በሚዞር መሣሪያ ሲያመነጭም ሽቦው ይግላል፡፡ ታዲያ የሞቀው የእጁ ድካም ነው ማለት ነው? በ1843 በአየርላንድ ኮርክ ከተማ በተደረገው የብሪታንያ ሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ይህንኑ ተናገረ፤ ይህን ያህል ሥራ ይህን ያህል ሙቀት ይወልዳል ብሎም ቁጥር አቀረበ፡፡ አዳራሹ ዝም አለ፡፡ በ1844 አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅበት ሁኔታ የጻፈውን ሮያል ሶሳይቲ በዋናው መጽሔቱ ለማተም አልፈቀደም፡፡ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነው፤ ዲግሪ የለውም፤ የሚያወራውም ስለ ሃምሳኛና መቶኛ የዲግሪ ክፋይ ነው፡፡ ማን ይመነው?

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ የታሪኩ እምብርት እሱ ነውና፡፡

ጁል የመዳብ ማሰሮ አሠራና ውሃ ሞላበት፡፡ በውስጡ ከነሐስ የተሠሩ መቅዘፊያዎች ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ተተክለው ይዞራሉ፡፡ ውሃው ዝም ብሎ አብሮ እንዳይሽከረከር ደግሞ በማሰሮው ግድግዳ ላይ የማይንቀሳቀሱ መከልከያዎች አሉ፡፡ በዘንጉ ላይ ገመድ ተጠምጥሞ በግራና በቀኝ ባሉ መዘውሮች በኩል ሁለት የእርሳስ ክብደቶች ተንጠልጥለዋል፡፡ እያንዳንዳቸው 13 ኪሎ ግራም ገደማ ናቸው፡፡ ክብደቶቹ ሲለቀቁ 1.6 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ መቅዘፊያውን ያዞራሉ፤ መቅዘፊያው ውሃውን ያማስላል፡፡ መልሶ ይጠመጥማቸውና እንደገና ይለቃቸዋል፡፡ ሃያ ጊዜ፡፡ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ 6 ሊትር ያህሉ ውሃ የሚሞቀው በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሦ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው፡፡

አንድ ሰው አጠገቡ ቢተነፍስ የሚበላሽ ልኬት ነው፡፡ ለዚህም ይመስላል ሥራውን የአየሩ ሙቀት በማይለዋወጥበት ምድር ቤት ያደረገው፡፡ ቴርሞሜትሮቹን የሠራለት ጆን ቤንጃሚን ዳንሰር የተባለ የማንቸስተር መሣሪያ ሠሪ ነው፡፡ ጁል በእነዚህ ቴርሞሜትሮች የአንድ ዲግሪ ፋራናይት ሁለት መቶኛውን በዓይኑ ያነብ ነበር፡፡ ከማሰሮው የሚያመልጠውን ሙቀት፣ የገመዱን ሰበቃ፣ ክብደቱ መሬት ሲመታ የሚባክነውን ሳይቀር እየለካ ይቀንሳል፡፡ ውሃውን በሜርኩሪ ለወጠው፤ ብረት ከብረት ጋር አፋተገ፤ ቀደም ሲልም ውሃ በቀጭን ቱቦዎች ውስጥ እያስጨነቀ አሳልፏል፡፡ ቁጥሩ በየመንገዱ ያው ቀረብ ቀረብ ይላል፡፡ በመጨረሻ በ1850 የታተመው 772 ነው፡፡ 772 ፓውንድ ክብደት በአንድ ጫማ ቁመት ሲወርድ አንድ ፓውንድ ውሃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ያሞቃል ማለት ነው፡፡ የዛሬው ትክክለኛ ቁጥር 778 ገደማ ነው፡፡ ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ በገመድና በእርሳስ!

በእኛ መለኪያ ላስቀምጠው፡፡ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያስፈልጋል፡፡ ይህም አንድ ኪሎ ግራም ነገር ከ427 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሠራው ሥራ ነው፡፡ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ፣ ማለትም ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ከ300 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል መወርወር ይኖርባችኋል፡፡ የልጅቱ ቅል ሲናጥ ሙቀቱ ትንሽ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው፡፡ ትንሽ ግን ባዶ አይደለም፡፡

92 ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፡፡ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፡፡ ምክንያቱን ለማየት ግን ወደ ሞለኪውሎቹ መውረድ አለብን፡፡ ጁልም የወረደው ወደዚያው ነው፡፡

ጨውም አፈርም የሌለበት ንጹህ ውሃ የአንድ ዓይነት ሞለኪውሎች ክምችት ነው፤ እያንዳንዱም ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አለው፡፡ የአንዱ ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን ይስባል፡፡ ስለዚህ አንድ ሞለኪውል በዙሪያው እስከ አራት ጎረቤቶች ተያይዞ ይቆያል፤ ግን መያያዙ ዘላቂ አይደለም፤ በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ አንዱን ለቆ ሌላውን ይይዛል፡፡ ፀጥ ብሎ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ብርጭቆ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል በአማካይ በሰከንድ 600 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ይወረወራል፤ የራሱን ወርድ ያህል እንኳ ሳይሄድ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፡፡ ሙቀት የምንለው ይህን ግርግር ነው፡፡ መቅዘፊያው ውሃውን ሲገፋ በዓይን የሚታየው አዙሪት ቀስ በቀስ ይሞታል፤ የሞተ መስሎን ነው እንጂ በዓይን ወደማይታየው የሞለኪውሎች ግርግር ገብቶ ተበተነ፡፡ በእሳት ላይ ብትጥዱትም የሚሆነው ያው ነው፤ የጋለው ብረት ሞለኪውሎቹን ይገፋቸዋል፡፡

የሚገርመው ነገር፣ ከቀዝቃዛው ብርጭቆ እስከሚፈላው ማንቆርቆሪያ ድረስ የሞለኪውሎቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው ከመቶ አስር ወይም አስራ አንድ እጅ ብቻ ነው፡፡ ታዲያ ያ ሁሉ ከሰል የት ገባ? ከፊሉ ፍጥነት ሆነ፤ የቀረው ግን ሞለኪውሎቹ የተያያዙበትን ለማላላት ዋለ፡፡ ውሃ ሙቀት ሆዳም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ብረት በዘጠኝ እጥፍ ባነሰ ሙቀት ይግላል፡፡ ሞለኪውሎቹ ሁሉ እኩል አይፈጥኑም፤ በጣም ፈጣኖቹ ከላይኛው ገጽ ጎረቤቶቻቸውን በጥሰው ያመልጣሉ፤ የታጠበ ልብስ ሳይፈላ የሚደርቀው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት ዘገምተኞች ናቸውና የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል፡፡ ላቡ የሚወጣለት የሸክላ እንስራ ውሃውን በበጋ የሚያቀዘቅዘው ይህንኑ ይዞ ነው፡፡

መፍላት ማለት ደግሞ የሚያመልጡት ሞለኪውሎች ግፊት ከላይ የተጫነውን የአየር ግፊት ሲያክል ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የተጫናት አየር ይቀላል፤ ሞለኪውሎቹ ሳይቸገሩ ቶሎ ያመልጣሉ፡፡ ለዚህ ነው ባቄላው ከቆላ ይልቅ እዚህ እምቢ የሚለው፡፡ አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሩ ደግሞ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው አይግልም፡፡ ሊትሩን ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ለማፍላት ከፈጀው ከሰባት እጥፍ በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ ያ ሁሉ የሚከፈለው ለመገነጣጠል ነው፡፡ በጣም ንጹህ ውሃ በለስላሳ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ አረፋው የሚነሳበት ጭረት ወይም ቆሻሻ አጥቶ ከመፍያው ዲግሪ አልፎም ዝም ሊል ይችላል፤ በማይክሮዌቭ የሞቀ ውሃ ሻይ ሲጨመርበት በድንገት ገንፍሎ ሰው የሚያቃጥለው በዚህ ነው፤ ተጠንቀቁ፡፡

ጁል የመፍያውን ብቻ ሳይሆን የሌላኛውንም ጫፍ ጠባይ ለክቷል፡፡ ንጹህ ውሃ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይሄድና 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በታች መልሶ ይሰፋል፡፡ ግርግሩ ሲቀንስ ሞለኪውሎቹ በረዶ የሚሆኑበትን ክፍት ክፍት ያለ አደራደር መያዝ ይጀምራሉና ነው፡፡ ጁል ከኬሚስቱ ሊዮን ፕሌይፌር ጋር ሆኖ ይህችን ዲግሪ በ1840ዎቹ አጋማሽ ላይ ሲለካ ያገኘው ዛሬ ከምናውቀው ጋር የሚገጥም ነው፡፡

1847 የዕጣ ፈንታው ዓመት ነው፡፡ በሚያዝያ ወር ማንቸስተር በሚገኘው የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ንባብ ክፍል ለተራ ሕዝብ ንግግር አደረገ፡፡ ሙቀት የቅንጣቶች እንቅስቃሴ መሆኑን፣ በረዶ ሲቀልጥ ሳይግል የሚውጠው ሙቀት ደግሞ ቅንጣቶቹን አሸንፎ ለማራራቅ እንደሚውል በዚያ ክፍል ገለጸ፡፡ የሳይንስ መጽሔቶች ያልተቀበሉትን ሐሳብ ሙሉውን ያተመው ጋዜጣ ነው፤ ማንቸስተር ኩሪየር ይባላል፡፡ ወንድሙ ቤንጃሚን የሙዚቃ ሐያሲ ሆኖ ይጽፍበት ነበር፡፡ በዘመድም ቢሆን ለጋዜጣ ትልቅ ክብር ነው እላለሁ፡፡

በሰኔ ወር ኦክስፎርድ ላይ ጉባኤው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው ጊዜ እንደሌለ ነግሮ ጽሑፉን ከማንበብ ይልቅ በአጭሩ እንዲናገር ጠየቀው፡፡ ጁልም በአጭሩ ተናገረ፡፡ ነገሩ እንደ ኮርኩ በዝምታ ሊያልፍ ሲል ግን ከአድማጮቹ መካከል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የሆነ የግላስጎው ፕሮፌሰር ትኩረቱን ጣለበት፡፡ ዊሊያም ቶምሰን ነው፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፡፡ ቶምሰን መጀመሪያ ሰውዬው ተሳስቷል ብሎ ነበር የሚያምነው፡፡ ሲያዳምጥ ግን ልኬቶቹ በቀላሉ የሚጣሉ አልሆኑለትም፤ ከስብሰባው በኋላ ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ፡፡ ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶበታል፡፡ ወዳጅነታቸው ግን ከዚያች ቀን ጀመረ፡፡

በነሐሴ ወር ጁል አሚሊያ ግራይምስ የተባለች ወጣት አግብቶ ለጫጉላ ሽርሽር ወደ አልፕስ ተራሮች ሄደ፡፡ ቶምሰንም በአጋጣሚ እዚያው ሲንሸራሸር መንገድ ላይ አገኛቸው፡፡ ሙሽራው ከሙሽሪት ይልቅ ረጅም ቴርሞሜትር ይዞ ይሄድ እንደነበር ቶምሰን ሲያወራ ኖሯል፤ ሰዎች ግን ወሬው ትንሽ ሳያምር አልቀረም ይላሉ፡፡ እርግጡ ነገር ሳላንሽ አጠገብ ባለው ፏፏቴ የላዩንና የታቹን ውሃ ሙቀት ለመለካት መሞከራቸው ነው፡፡ ውሃው ወርዶ ሲከሰከስ ግርግሩ ሙቀት መሆን አለበት፡፡ ፏፏቴው ግን በአየር ላይ ተበትኖ ጉም ሆነና ሙከራው አልተሳካም፡፡ ጁል ቀደም ብሎ ናያጋራ ላይ ልዩነቱ የአንድ ዲግሪ ፋራናይት አንድ አምስተኛ እንደሚሆን አስልቶ ነበር፡፡ እኔም በዚሁ ስሌት የጢስ አባይን ከ40 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ለ427 አካፍዬዋለሁ፤ የአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ አሥረኛ ይሆናል፡፡ ነፋሱና ትነቱ ቀድመው የሚያጠፉት መጠን ነው፡፡

በ1848 ጁል ከዚህም ገፋ፡፡ ጋዝ የሚገፋው ቅንጣቶቹ ግድግዳውን ስለሚደበድቡ ነው ብሎ ተነሳና የሃይድሮጅን ቅንጣት በውሃ መቀዝቀዣ ዲግሪ ላይ በሰከንድ ከ1,800 ሜትር በላይ እንደሚሮጥ አሰላ፡፡ ማንም ሞለኪውል አይቶ በማያውቅበት ዘመን! ቁጥሩ ዛሬም ትክክል ነው፡፡ በ1849 የመቅዘፊያውን ሥራ ታላቁ ፋራዳይ ራሳቸው ለሮያል ሶሳይቲ አቀረቡለት፤ በ1850 አባል ሆነ፡፡ በ1852 ሜዳይ ተሸለመ፡፡

ክብሩ ሲመጣ ቤቱ ፈረሰ፡፡ በ1854 አሚሊያ ሞተች፤ በዚያው ዓመት የወለደችው ሕፃንም አልተረፈም፡፡ ሁለት ትንንሽ ልጆች ቀሩት፡፡ ቢራ ፋብሪካውም በዚያው ሰሞን ተሸጠ፡፡ ከቶምሰን ጋር በጋዝ ላይ መሥራቱን ቀጠለ (የዛሬ ማቀዝቀዣዎች የሚጠቀሙበት፣ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲሰፋ የመቀዝቀዝ ጠባይ በሁለቱ ስም ይጠራል)፡፡ ግን ቤት ሲቀይር የእንፋሎት ሞተሩ ጩኸት ጎረቤት አስመርሮ ያንንም አስተወው፡፡

በዚህ መካከል አንድ ያልተዘጋ ክርክር ነበር፡፡ ዩሊየስ ሮበርት ማየር የተባለ ጀርመናዊ የመርከብ ሐኪም ተመሳሳይ ሐሳብ በ1842 አሳትሟል፡፡ እሱንም ማንም አልሰማውም፤ በ1850 ራሱን ከመስኮት እስከ መወርወር ደርሷል፡፡ የሁለቱ ደጋፊዎች በኋላ በመጽሔት ሲነታረኩ ቆይተዋል፡፡ እኔ እንደሚመስለኝ ሐሳቡን ቀድሞ የጻፈው ማየር ነው፤ ለክቶ ያሳየው ጁል ነው፡፡ ሮያል ሶሳይቲም ትልቁን የኮፕሊ ሜዳይ በ1870 ለጁል፣ በ1871 ለማየር ሰጥቶ ዕዳውን ተገላገለ፡፡

ጁል በእርጅናው ገንዘቡ አልቆ ከ1878 ጀምሮ በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ከመንግሥት ይከፈለው ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ልኬቱን እንደገና በተሻለ መሣሪያ ሠርቶ 772.55 አገኘ፡፡ ከማንቸስተር አጠገብ ሴል በምትባል ቦታ ጥቅምት 11 ቀን 1889 አረፈ፡፡ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የጉልበት መለኪያን ጁል ብሎ ሰየመ፡፡ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ 772.55 ተቀርጿል፡፡ በማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት መግቢያ ሐውልቱ ከአስተማሪው ከዳልተን ሐውልት ትይዩ ተቀምጧል፡፡

ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ አንድ እሑድ ከልጄ ጋር ቴርሞስ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ አድርገን፣ ዲግሪውን አይተን፣ እየተቀባበልን ሩብ ሰዓት ያህል ነቀነቅነው፡፡ ክንዳችን ዛለ፡፡ ውሃው ከአንድ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ሞቀ፡፡ ቴርሞስ የእጅ ሙቀት አያስገባም፡፡

ልጅቱ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆናለች፡፡ ምናልባት ይህ ጋዜጣ እጇ ከገባ፣ ያን ቀን የሞቀው እርጎው እንደነበረ፣ ያሞቀውም የራሷ ክንድ እንደነበረ ልነግራት ፈልጌ ነው የጻፍኩት፡፡